ሳይበላ የሚለይ፦ በኩራት በከተማ ሰው ቤት

ነሐሴ ሲጋመስ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ በየመንገዱ ዳር የበቆሎ እሸት ይጠበሳል። ገዝቶ እየጋጠ የሚሄድ ሰው ከዚያ እሸት ላይ ቀድሞ የሚለይ ድርሻ አለ ብሎ አያስብም፤ አርሶ አልዘራውምና። የሙሴ ሕግ ግን እሸትን የሚያነሣው በዚሁ ጥያቄ ነው። ዘሌዋውያን 23፥9-14 የአዲሱ መከር የመጀመሪያ ነዶ በካህኑ እጅ በእግዚአብሔር ፊት እስኪወዘወዝ ድረስ እንጀራውም፣ የተጠበሰው እሸትም፣ ለምለሙ እሸትም እንዳይቀመስ ይከለክላል። በዚያ ቀን አብዛኛው አዝመራ ገና ሜዳ ላይ ነው። ዋግ ሊመታው፣ አንበጣ ሊወርድበት ይችላል። ባለቤቱ ስንት እንደሚያስገባ አያውቅም። ነዶው የሚወጣው ያኔ ነው፤ በኩራት የሚባለው ይህ ቀድሞ የሚለይ የመጀመሪያ ፍሬ ነው።

በኩራትን ከአሥራት የሚለየው ይህ ነው። አሥራት ስሌት ነው፤ መከሩ ተሰብስቦ፣ ተወቅቶ፣ ተሰፍሮ ካለቀ በኋላ ከአሥር አንዱ ይወጣል፣ ዘጠኙ እጅ ጎተራ ውስጥ በዓይን ይታያል። በኩራት ቀሪው ሳይታይ ይወጣል። ሕጉም መጠን አላስቀመጠለትም፤ የአይሁድ መምህራን የቃል ሕግ ስብስብ የሆነው ሚሽናም በኩራትን ልክ ካልተወሰነላቸው ነገሮች ጋር ይቆጥረዋል። ስለዚህ «በኩራት ስንት ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መጽሐፍ የሚመልሰው ተራውን ነው፦ መጀመሪያ የወጣ ይሁን፣ ከተሻለውም የወጣ ይሁን። በአብያተ ክርስቲያናችን «አሥራት በኩራት» በአንድ ትንፋሽ ይባላል፣ በአንድ ፖስታም ይገባል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚጠፋው ሁልጊዜ በኩራቱ ነው፤ አሥራቱ ቁጥር ስላለው ይታወሳል።

ሥርዓቱን ዘዳግም 26 በዝርዝር አስቀምጦታል። ገበሬው ከምድሩ ፍሬ ቀዳሚውን በእንቅብ አድርጎ እግዚአብሔር ወደ መረጠው ስፍራ ይወጣል፤ ካህኑ እንቅቡን ተቀብሎ በመሠዊያው ፊት ያኖረዋል። ከዚያ ገበሬው ራሱ አፉን ከፍቶ ይናገራል፦ አባቱ ተንከራታች እንደ ነበረ፣ በጥቂት ሰው ወደ ግብፅ እንደ ወረደ፣ በዚያ እንደ ተጨነቀ፣ እግዚአብሔር ጩኸቱን ሰምቶ እንዳወጣውና ይህችን ምድር እንደ ሰጠው፣ አሁንም ከሰጠው ምድር የመጀመሪያውን ፍሬ እንዳመጣ። ቁጥር 11 ደግሞ ከሌዋዊውና በመካከሉ ከሚኖረው መጻተኛ ጋር ደስ እንዲለው ያዝዛል። ማምጣት፣ መናገር፣ አብሮ መደሰት፤ ሦስት ነገር ነው። እኛ ዘንድ የቀረው የመጀመሪያው ብቻ ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ ተጣጥፎ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ በሚገባ ብር መልክ።

ሚሽና ሁለት ነገር ይጨምራል፣ ሁለቱም ለኛ ኑሮ ይጠቅማሉ። አንደኛው፦ ገበሬው እርሻው መካከል የመጀመሪያዋን የበሰለች በለስ ወይም የወይን ዘለላ ሲያይ በሸምበቆ ያስራትና «ይህች በኩራት ናት» ይላል። ፍሬዋ ገና አልተቆረጠችም፤ ስሟ ግን ወጥቶላታል፣ ከዚያ በኋላ እጅ አይዘረጋባትም። ሁለተኛው፦ ባለጸጎች በኩራታቸውን በብርና በወርቅ እንቅብ፣ ድሆች በተላጠ የአኻያ ልምጭ በተሠራ እንቅብ ያመጡ ነበር። መምህራኑ እንደ ተረጎሙት የባለጸጎቹ እንቅብ ተመላሽ ነው። የድሆቹ ግን ከነፍሬው ለካህናቱ ይቀር ነበር፤ መያዣው ራሱ የመሥዋዕቱ አካል ሆነ ማለት ነው።

አዲስ ኪዳን ቃሉን ከእህል ወደ ሰው ያዞረዋል። ክርስቶስ ላንቀላፉት በኩራት ሆኖ ተነሥቶአል ይላል 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥20፤ እርሱ ከተነሣ የእርሱ የሆኑት ሁሉ ተከታዩ መከር ናቸው። ጳውሎስ በሮሜ 11፥16 በኩራቱ ቅዱስ ከሆነ ብሆው (ሊጡ) ሁሉ ቅዱስ ነው ካለ በኋላ ገጹ ሳይርቅ፣ በ12፥1፣ ሰውነታችሁን ሕያው መሥዋዕት አድርጋችሁ አቅርቡ ብሎ ይለምናል። የመጀመሪያው እፍኝ ሲለይ ሊጡ ሁሉ የማን እንደሆነ ይታወቃል። 900 ብር ለይቶ በቀሪው 8,100 እንደ ፈለገ የሚኖር ሰው በኩራትን እንደ ቀረጥ ከፍሎታል፤ ቀረጥ ሲከፈል ነጻ ያወጣል፣ በኩራት ግን ቀሪውንም ይቀድሰዋል እንጂ አይለቅም።

ደመወዝ የሚገባበት ቀን

ከሜክሲኮ እስከ ለገሃር ባሉት ቢሮዎች የሚሠራ ሰው እንቅብ የለውም፤ ያለው የባንክ መልእክት ነው። ጥቅል ደመወዟ 12,000 ብር የሆነ ሠራተኛን እንውሰድ። ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ተቆርጦ እጇ የሚገባው 9,000 ገደማ ነው። ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ታክሲ፣ ዕድር፣ ዕቁብ፣ ለቤተሰብ የሚላክ። እሑድ ጠዋት ቦርሳዋ ውስጥ የተገኘውን ስትሰጥ ከልቧ ነው የሰጠችው፤ ግን የሰጠችው ቃርሚያ ነው። ቃርሚያ ደግሞ በሕጉ ለድሀ የሚተው የእርሻ ቅሬታ እንጂ ወደ መሠዊያ የሚወጣ አይደለም።

መፍትሔው ፍሬዋን ዛፍ ላይ እያለች ማሰር ነው። ደመወዝ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው መጠኑን በወረቀት ይጻፉት፣ ባለትዳሮች ከሆናችሁ ሁለታችሁም ተስማሙበት። ገንዘቡ በገባበት ዕለት ከሌላ ማናቸውም ወጪ በፊት በቴሌብር ወይም በባንክ ወደ አጥቢያው ሒሳብ ያስተላልፉት። ባንክዎ በየወሩ በቋሚ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ከሆነ ደመወዝ ከሚገባበት አንድ ቀን ዘግይቶ እንዲሆን ያድርጉ፤ በዚያው ቀን ከተባለና ደመወዙ ከዘገየ ሒሳቡ ባዶ ሆኖ ይመለሳል። ቤት ውስጥ ፖስታ ላይ ማስቀመጡ ጥሩ መስሎ ይታያል፣ ግን ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው እዚያ ነው። ጋዝ አለቀ፣ ልጅ ታመመ፣ «ነገ እመልሰዋለሁ» ይባላል፤ ፖስታው ሲከፈት ከለመደ በኋላ አስቸኳይ ያልሆነ ነገርም አስቸኳይ ይመስላል። ጥሬ ገንዘብ ማስቀመጥ ግድ ከሆነ በዚያው ሳምንት እሑድ ይውጣ። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች የነገራቸው በሳምንቱ በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ በቤቱ እንዲለይ ነው፤ እርሱ ሲመጣ ያን ጊዜ መዋጮ እንዳይሰበሰብ።

ይህ ወርኃዊው ነው። ዓመታዊው በኩራት ግን ሌላ ነገር ነው፣ ከባዱ ስሕተትም የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። በአንዳንድ ቦታ የመስከረም ደመወዝ ሙሉውን አምጡ ይባላል፣ የዓመቱ መጀመሪያ ነው በሚል። ጽሑፉ ይህን አያዝዝም፤ ገበሬው ያመጣው እንቅብ ሙሉ እንጂ ጎተራ ሙሉ አይደለም። በከተማችን ደግሞ መስከረም ምን እንደሚመስል ሁሉም ያውቃል። ጳጉሜን ደመወዝ የሌለባት ናት፣ እንቁጣጣሽ ዶሮና ቅቤ ትላለች፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ ተከትሎ ይመጣል፣ መስቀልም አለ። የእስራኤሉ ገበሬ ነዶውን ሲሰጥ ቀሪው እህል ሜዳ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። የመስከረም ደመወዟን ሙሉ የሰጠች እናት እስከ ጥቅምት የሚቆም እህል የላትም፤ ከጎረቤት ትበደራለች፣ ያበደራት ሰው ሳያውቅ በኩራቷን ከፈለ ማለት ነው።

የተሻለው መንገድ ጭማሪን መያዝ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በብዙ መሥሪያ ቤት እርከንና ጭማሪ የሚመጣው በዚያው ሰሞን ነው። እጅ የሚገባው ደመወዝ በ1,500 ብር ከጨመረ የመጀመሪያው ወር 1,500 ብር ሙሉውን በኩራት ይሁን። ቤቱ ያለፈውን ወር በቀድሞው ደመወዝ ስለ ኖረ አይናጋም፤ ሆኖም ጭማሪው ለምን እንደሚውል አስቀድሞ ታቅዶ ነበርና መስጠቱ ያማል፣ ማመምም አለበት። ዳዊት ለኦርና አውድማና በሬዎች 50 ሰቅል ብር የከፈለው ያለ ዋጋ ያገኘሁትን ለእግዚአብሔር አላቀርብም ብሎ ነው። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ጭማሪው እንደ ሌላው ደመወዝ አሥራት ይወጣለታል።

አዲስ ሥራ የያዘ ልጅ የመጀመሪያ ደመወዙን ለእናቱ መስጠቱ በአገራችን የከበረ ልማድ ነው፤ ይህን በበኩራት ስም የሚያስቀር ሰው በማርቆስ 7 ጌታ የገሠጸውን ነገር እየሠራ ነው፦ ለወላጅ የሚገባውን «ቍርባን» (ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው) ብሎ መከልከል። ወላጅ ቤት እየበላ የሚኖር ከሆነ ሁለቱንም ይችላል። ኪራይ ከፋይ ከሆነ እንቅቡን ያሳንስ፣ እናቱን አያሳንስ።

ዕቁብ ሲደርስ በኩራት አለው ወይ ተብሎ ብዙ ይጠየቃል። የለውም፤ ከደመወዝ ላይ በየሳምንቱ የተጣለው የራስ ገንዘብ ነው ተጠራቅሞ የመጣው። ቦነስ፣ ስጦታ፣ ከውጭ የተላከ፣ ያልታሰበ የተጨማሪ ሥራ ክፍያ ግን አዲስ ፍሬ ናቸው።

ለነጋዴ፣ ለሾፌር፣ ለጋጋሪ

መርካቶ ላለ ነጋዴ ከባዱ ነገር ፍሬው የቱ እንደሆነ መለየት ነው። የዕለት ሽያጭ ፍሬ አይደለም፤ ውስጡ ዋናው ገንዘብ አለ፣ የአከፋፋይ ዕዳም አለ። 50,000 ብር የተሸጠበት ቀን ትርፉ 4,000 ብቻ ሊሆን ይችላል። ከሽያጭ ላይ በስሜት የሰጠ ሰው ዋናውን እየቆረሰ ነው፤ በሦስት ወር መደርደሪያው ሲሳሳ «ሰጥቼ ከሰርኩ» ይላል። የራሱንና የሰውን ቀላቅሎ ነው የሰጠው። በዱቤ የወጣ ዕቃ ገንዘቡ ሲገባ ይቆጠር። ትርፍ በየሳምንቱ ቅዳሜ ይዘጋ፣ ከወሩ የመጀመሪያ ሳምንት ትርፍ ላይ ለምሳሌ ግማሹ ይለይ። ወይም ከአዲስ ጭነት፣ ጥቅሉ ሲፈታ፣ መጀመሪያ የወጣው ዕቃ በዓይነቱ ይሰጥ፦ ብርድ ልብስ ለአረጋውያን መርጃ፣ ጫማ ለአብነት ተማሪ። ሲፈታ መሆኑ ትርጉም አለው። ወቅቱ አልፎ ያልተሸጠው ቀለም ተመርጦ ሲሰጥ ሚልክያስ 1፥8 ይመጣል፤ ዕውርና አንካሳ እንስሳ ለሚያቀርቡት ነቢዩ ይህን እስቲ ለአለቃህ አቅርበው ይላል። በበዓል ሰሞን አዝራሩ የወለቀ ልባሽ ሰብስቦ ለቤተ ክርስቲያን የሚልክ ሁሉ ይህን ቁጥር ያንብበው። ልባሽ መስጠት ኃጢአት አይደለም፤ በኩራት ብሎ መጥራቱ ነው ችግሩ።

የሚኒባስ ሾፌር ለባለንብረቱ ገቢ ያስገባል፣ ነዳጅ ይሞላል፣ ለረዳቱ ይከፍላል፤ የእሱ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ስለዚህ የጠዋቱ የመጀመሪያ ቢያጆ ሒሳብ ሙሉውን ይሰጥ ቢባል የባለንብረቱን ገንዘብ መስጠት ይሆናል። ለሾፌር የሚስማማው የሳምንቱን የመጀመሪያ ቀን፣ የሰኞን የግል ድርሻ፣ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ መለየት ነው። በዓይነት መስጠትም ይችላል፦ በመጀመሪያው ቢያጆ ላይ ወደ ጥቁር አንበሳ የሚሄድ ታካሚና አስታማሚ ሒሳብ አለመቀበል፣ ከገቢው ሳይሆን ከራሱ ድርሻ እየተካ።

ዳቦ ቤት ላለው ሰው መጽሐፉ ቃል በቃል ይናገራል። ዘኍልቍ 15፥17-21 ከሊጡ መጀመሪያ አንድ እንጎቻ ይለይ ይላል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከምድጃው በሚወጣው የመጀመሪያ ዙር ላይ 20 ዳቦ መለየት፣ ትኩሱን በረንዳ ላይ ላደሩት ማድረስ። ብዙዎች የሚሰጡት ማታ ያልተሸጠውን ነው፤ ያም መልካም ነው፣ ይቀጥል፣ ግን የመጀመሪያው ዙር ሌላ ነው። ከበኣል ሻሊሻ የመጣው ሰው ለኤልሳዕ ያመጣው የበኩራት እንጀራ 20 የገብስ ዳቦ ነበረ፤ ኤልሳዕም ለራሱ አላስቀረውም፣ 100 ሰው በላበት፣ ተረፈም።

እንቅቡ ውስጥ የማይገባ

ጉቦ አይገባም። በስጦታ አይታጠብም፤ ዘኬዎስ መጀመሪያ ያደረገው ለድሀ መስጠትና በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ መመለስ ነው። ያልተከፈለ የሰው ደመወዝም አይገባም። የቤት ሠራተኛዋን የሁለት ወር ክፍያ ይዞ በኩራት የሚሰጥ ሰው የሰጠው የእሷን ላብ ነው፤ ያዕቆብ 5፥4 የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ይጮኻል ይላል። ይህ «መጀመሪያ ለእግዚአብሔር» የሚለውን አይሽርም፤ የሷ ደመወዝ ከመነሻውም የእርስዎ ፍሬ አልነበረምና። የተበደሩት ገንዘብም እንዲሁ።

አንድ ከባድ ነገር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ምሳሌ 3፥9-10 እግዚአብሔርን በበኩራት የሚያከብር ሰው ጎተራው እንደሚሞላ ይናገራል። ይህን ይዞ «10,000 ዝሩ፣ በ40 ቀን 100,000 ታጭዳላችሁ» ማለት ግን በኩራትን ወደ ንግድ ማዞር ነው። ምዕራፉ ራሱ ወዲያው በሚቀጥለው ቁጥር፣ በ3፥11፣ የእግዚአብሔርን ተግሣጽ አትናቅ ይላል፤ ሰጥቶ መቸገርም እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነው የጻፈው። የመቄዶንያ አብያተ ክርስቲያናት ከጥልቅ ድህነታቸው ሲሰጡ 2ኛ ቆሮንቶስ 8 መጀመሪያ ራሳቸውን ለጌታ እንደ ሰጡ ይነግረናል፣ ሀብታም እንደ ሆኑ አይነግረንም።

አካልና ሰዓት

ሰውነታችሁን አቅርቡ የተባለው ሥጋ ያለው ትእዛዝ ነው። ዕድሜው 18 የሞላ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ ደም መለገስ ይችላል፤ በልቶ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ተኝቶ አድሮ መሄድ ነው። በባዶ ሆድ ሄዶ የሚያዞረው ሰው ሁለተኛ አይመለስም፤ ስለዚህ ጾም ላይ ያለ ሰው ቀኑን ይምረጥ። ሆስፒታል አካባቢ ከክፍለ ሀገር ታካሚ ይዘው የመጡ አስታማሚዎች አሉ፤ አንድ ሌሊት ተክቷቸው የሚያድር ሰው ከምግብ ይልቅ ይፈልጋሉ።

የቀኑ በኩራት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 12 ተኩል ነው። በብዙ አጥቢያ ኪዳን፣ የንጋቱ ጸሎት፣ የሚደርስበት ሰዓት ስለሆነ መንገዱ ላይ ያለ ሰው ገብቶ መቆም ይችላል። ቤቱ የሚጸልይ ስልኩን ማታ ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ይሰካ፤ መጽሐፍ ቅዱስን በስልክ አነባለሁ ያለ ሰው ቴሌግራም ላይ ነው የሚገኘው።

ወዴት ይሂድ

በኩራት ለካህናት፣ አሥራት ለሌዋውያን መተዳደሪያ ነበር። ነህምያ 13፥10 ድርሻቸው ሲቀር ሌዋውያኑ እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው እንደ ሸሹ ይናገራል፤ ዝማሬው የቆመው መዝሙር ጠፍቶ ሳይሆን እህል ጠፍቶ ነው። በመሃል አዲስ አበባ ያሉ አጥቢያዎች ከሞላ ጎደል ራሳቸውን ይችላሉ። በገጠር ግን ካህኑም ወንጌላዊውም በቂ የማይከፈላቸው ብዙ ናቸው። የእኔ ምክር አሥራቱ ለሚመገቡበት አጥቢያ፣ የዓመቱ በኩራት ለገጠር አገልጋይ እንዲሆን ነው። ደረሰኝ ይጠይቁ። አለማመን አይደለም፤ ጳውሎስ ራሱ በገንዘቡ ነገር ማንም እንዳይነቅፋቸው በሰው ፊትም ተጠንቅቆ ከሌሎች ወንድሞች ጋር ነው ያደረሰው።

የተረሱትን ሁለቱን ነገሮች፣ መናገርንና አብሮ መደሰትን፣ መመለስ ብዙ አይከብድም። በሚሰጡበት ዕለት ቤተሰቡ ተሰብስቦ አንድ ሰው በአራት ዐረፍተ ነገር ይናገር፦ ወላጆቻችን ከየት መጡ፣ ምን ደረሰባቸው፣ እግዚአብሔር እንዴት አወጣን፣ ዛሬ ምን ይዘን ቀረብን። ልጆች ባሉበት ይሁን፣ መጠኑን መጥራት ግን አያስፈልግም። ከዚያ ማዕድ ይቅረብ። በ2 ኪሎ ዱቄት የተጋገረ ድፎ ዳቦና ቡና ለ15 ሰው ይበቃል። የግቢው ዘበኛ፣ ብቻዋን የምትኖር ጎረቤት፣ ከአገሩ ተፈናቅሎ የመጣ ሰው፣ የአጥቢያው አገልጋይ ይጠሩ፤ ዘዳግም የሚላቸው ሌዋዊና መጻተኛ እነሱ ናቸው። ዘመድ ብቻ የተጠራበት ማዕድ ግብዣ ነው።

የተለየው ገንዘብ ሳይታሰብ ቢበላስ? ዘሌዋውያን 22፥14 በስሕተት ከተቀደሰው የበላ ሰው አምስተኛውን እጅ ጨምሮ ለካህኑ ይመልስ ይላል። 1,000 ብር ከተነካ የሚመለሰው 1,200 ነው፣ ከሚቀጥለው ደመወዝ፣ ከአዲሱ በኩራት ጋር ሳይደባለቅ፣ በሌላ ደረሰኝ።